የቀሩት እየመጡ ነው

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የነገረችኝ ለተብርሃን ናት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቄ ተቀምጬ ለአንድ ባለጉዳይ የይግባኝ ማመልከቻ እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ስሟን አይቼ ወዲያው አነሣሁት። ለተብርሃን ያለ ነገር አትደውልም።

«ኤፍሬም፣ እትዬ አስካለ ዐረፉ» አለችኝ። «ልጃቸው አሁን ነው የነገረችኝ። ለሌሎቹ አንተ ንገራቸው፤ እኔ አልችልም።»

ባለጉዳዩ ፊቴን አይቶ፣ ሳልጠይቀው ወረቀቱን ሰብስቦ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎኝ ሄደ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ለማኅበርተኞቻችን አንድ በአንድ ደወልኩ። ሁሉም መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አሁን አጠገባቸው ማን አለ?»

ስደውል የከበደኝ ነገር ነበረ። ሐዘን ብቻ አልነበረም። እትዬ አስካለ በሕይወት ሳሉ እኔ ምን ያህል ፈሪ እንደሆንኩ የሚያውቅ፣ አውቆም የማያጋልጠኝ አንድ ሰው ነበረ። አሁን የለም። ስለዚህ እኔው ራሴ ልናገረው።

ልደታን ያህል ሰፈር ያውቃቸው ነበር ብል እዋሻለሁ። ብዙ ሰው አያውቃቸውም። አጭር፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የሚከናነቡ፣ ሲሄዱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው የሚሄዱ ሴት ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል ፍርድ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ጣታቸው ወረቀት መቁጠር ስለለመደ፣ ገበታ ላይ ሲቀመጡ እንኳ የጨርቁን ጠርዝ እንደ ፋይል ገጽ ያገላብጡ ነበር። ደግሞ ድንጉጥ ናቸው። በር በኃይል ሲዘጋ ይዘላሉ። ከኋላቸው መኪና ክላክስ ካደረገ «በስመ ሥላሴ» ብለው ደረታቸውን ይይዛሉ። ጌጃ ሰፈር ያሉ የጎረቤት ልጆች ይህን አውቀው ያስደነግጧቸው ነበር፤ እሳቸውም ከደነገጡ በኋላ አብረው ይስቃሉ።

በየወሩ በመባቻ የልደታን ጽዋ የምንጠጣ የአሥራ አራት ቤተሰብ ማኅበር ነበረን፤ ዛሬም አለን። እናቴ ስታርፍ ቦታዋን እኔ ወረስኩ። የማኅበሩ መሪ፣ እኛ ሙሴ የምንለው፣ እትዬ አስካለ ነበሩ። እኔን መጻፍ ሥራው ነው ብለው ጸሐፊ አደረጉኝ። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የወሩ ተረኛ ደግሶ ያበላናል፣ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል።

እትዬ አስካለ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ሳይቆረስ፣ የቀሩትን ሰዎች ስም ይጠራሉ። «እገሌን ማን አየው?» ይላሉ። አንድ ሰው «ትናንት አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ካለ ያልፋሉ። ማንም ካላየው ዳቦው አይቆረስም። አንድ ሰው ተነሥቶ ሄዶ ማየት አለበት። ርቦን ስንመጣ ይህ ነገር ያናድደን ነበር። አንድ ወር ጋሽ ወርቁ ቀሩ። ጋሽ ወርቁ ከሰንጋ ተራ በስተጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። «ወርቁን ማን አየው?» ሲሉ ያያቸው ሰው አልነበረም። አንዱ «እሳቸው መቼም ይቀራሉ፣ እንብላና እንሄዳለን» አለ። እትዬ አስካለ ቢላዋውን አስቀምጠው አዩኝ። እያጉረመረምኩ ሄድኩ። ጋሽ ወርቁን ያገኘኋቸው ወለል ላይ ነው። ከወደቁ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ድምፃቸው ጠፍቶ፣ በዓይናቸው ብቻ ያዩኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በከዘራ ነው የሚሄዱት። እኛም ከዚያ ወዲህ አላጉረመረምንም።

ሌላ ቀን ደግሞ የማኅበሩ የንስሐ አባት ቄስ መርሻ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትርጉም ያስተምሩን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንል ሦስት ነገር ነው አሉ። አንደኛ ሕንፃው፣ ሁለተኛ የምእመናኑ ጉባኤ፣ ሦስተኛ እያንዳንዱ ክርስቲያን ራሱ። ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው ትምህርት ነው፤ ራሳችንን እየነቀነቅን ሰማን። እትዬ አስካለ ብቻ የጨርቁን ጠርዝ እያገላበጡ ቆዩና፣

«አባ፣ ከሦስቱ የምታስቸግረው መካከለኛዋ ናት» አሉ።

«እንዴት?»

«ሕንፃው ዘበኛ አለው። ራሴን ደግሞ እኔ እጠብቃለሁ፤ ብወድቅም የምወድቀው እኔው ነኝ። መካከለኛዋን ማን ይጠብቃታል? አሥራ አራት ሰው አብሮ በልቶ ስለተነሣ ቤተ ክርስቲያን ሆነ ይባላል? ሆቴል ቤትም ሰው አብሮ ይበላል።»

ቄስ መርሻ ሳቁ። «እዚህ ጸሎት አለ፣ ጽዋ አለ፣ የእመቤታችን ስም አለ» አሉ።

«ይኼ ሁሉ እያለ ማኅበሩ ሳይኖር አይቻለሁ» አሉ እትዬ አስካለ። የት እንዳዩ አልነገሩንም። ከዚያ ጨመሩ፤ «ሰው ብቻውን ጾመኛ ይሆናል፣ ብቻውን ጸሎተኛ ይሆናል። ብቻውን ቤተ ክርስቲያን መሆን ግን ለቅዱሳን ነው እንጂ ለእኔ ቢጤ አይሆንም። እኔ ብቻዬን ስሆን የምሆነው ፈሪ ነው።»

ሳቅን። የሚያስቅ ነበር፤ ሁላችንም በር ሲዘጋ እንዴት እንደሚዘሉ እናውቅ ነበር።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። ሰሜን ጦርነት ላይ ነበር፤ ጦርነቱ ወደ ከተማው እየቀረበ ነው ይባላል። በየመንገዱ መታወቂያ ይታያል፣ ቤት ይፈተሻል፣ ሰው በትውልዱና በቋንቋው ምክንያት ተይዞ ይወሰዳል። ታክሲ ውስጥ ስልካቸው እየጮኸ የማያነሡ ሰዎች ነበሩ፤ በየትኛው ቋንቋ ሃሎ እንደሚሉ ስለፈሩ። ሰው ጎረቤቱን ሲያይ መጀመሪያ ስሙን ያስብ ጀመር። እኔም ማሰብ ጀመርኩ።

ለተብርሃን የአክሱም ሰው ናት። ጌጃ ሰፈር ከገባች ሃያ አምስት ዓመት አልፏታል፤ ባሏ ከሞተ በኋላ የሐበሻ ቀሚስ እየሰፋች ብቻዋን ትኖራለች። እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ሾርባ ያመላለሰች እሷ ናት። በዚያ ወር የማኅበሩ ተረኛ እሷ ነበረች። ጽዋው ቤቷ ነው ያለው።

መባቻው አራት ቀን ሲቀረው፣ በምሳ ሰዓት፣ ደረጀ ሱቄ መጣ። ደረጀ ማኅበርተኛችን ነው፤ መንግሥት ቤት ደህና ቦታ ላይ ይሠራል። ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋው።

«የማኅበሩ ስም ዝርዝር አንተ ጋ ነው አይደል?» አለኝ።

«እኔ ጋ ነው።»

«ከነስልኩ አዘጋጅልኝ። እየጠየቁኝ ነው። እዚህ አካባቢ ማን ከማን ጋር እንደሚሰበሰብ ማወቅ ይፈልጋሉ።»

«የጽዋ ማኅበር እኮ ነው፣ ደረጀ።»

«አላውቅም እንዴ? ለእናንተው ብዬ ነው። ደግሞ የዚህ ወር ተረኛ ማን እንደሆነች ታውቃለህ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመርኩ።

«ተራዋን ዝለሉት» አለ። «ጽዋውን ከቤቷ አስወጡና ለሌላ ሰው ስጡት። ጊዜው እስኪያልፍ ነው።»

«እትዬ አስካለ ምን ይላሉ?»

«ጸሐፊው አንተ አይደለህም? ጽፈህ ውሰድላቸው፣ ይፈርማሉ።» በሩን ከፍቶ ሊወጣ ሲል ዘወር አለ። «ልጆች አሉህ፣ ኤፍሬም።»

ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። እሱም ፈርቶ ነበር። የፈራ ሰው ሌላውን ማስፈራራት ሲጀምር ያን ቀን አየሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ያኔ ግን አላሳዘነኝም።

ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ዝርዝሩን አወጣሁ። የለተብርሃን ስም አምስተኛው ላይ ነበር። አጠፋሁት። ስድስተኛው አምስተኛ ሆነ፣ ሰባተኛው ስድስተኛ፤ ምንም ክፍተት አልታየም። ስሟ ከሌለ ማንም አይፈልጋትም፣ እየጠበቅኳት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ቁጥሯንም አጠፋሁ። ይኼኛውን ለማን ብዬ እንዳደረግኩት ለራሴም አልነገርኩም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዤ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ቆጠሩ።

«አሥራ ሦስት ነው» አሉ።

«አዎ።»

«መዝገብ ቤት ሳለሁ ከፋይል ውስጥ ገጽ የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ። ሁልጊዜ ቁጥሩን አስተካክለው ነው የሚያወጡት።»

ደረጀ የነገረኝን ሁሉ ነገርኳቸው። «ለእሷ ብዬ ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ስሟ ከሌለ አይፈልጓትም።»

«ለእሷ ነው ያወጣሃት ወይስ ለአንተ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ሲያወልቁ የመነጽሩ እግር ነጠላቸው ላይ ተያዘ፤ ለማላቀቅ ጊዜ ወሰደባቸው።

«እኔም ፈርቻለሁ» አሉ። «ሦስት ቀኔ ነው እህል ከጎሮሮዬ አልወርድ ካለኝ። እንዳልፈራሁ መስሎህ እንዳትሄድ።»

ከዚያ በፊት ነግረውን የማያውቁትን ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ፣ እሳቸው ወጣት ሳሉ፣ እናታቸው በነበሩበት ማኅበር አንዲት ሴት ነበረች። ሁለት ወንዶች ልጆቿን በአንድ ሳምንት ገደሉባት። ማልቀስ ክልክል ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ተመካክረው ተራዋን ዘለሉት።

«ጊዜው እስኪያልፍ ነው ተባባሉ» አሉኝ። «እናቴም አለች። መጀመሪያ ዳቦ ጋግራ ‹ይዘሽላት ሂጂ› ብላኝ ነበር። ነጠላዬን ለብሼ፣ ዳቦውን አቅፌ በሩ ጋ ስደርስ ‹ተይው፣ ተመለሺ› አለችኝ። ተመለስኩ። ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት፣ ኤፍሬም። ጊዜውም አለፈ። ሴትዮዋን ጠሯት፣ መጣች፣ ተቀመጠች፣ በላች። አንድም ሰው ዓይኗን ማየት አልቻለም። እኔም አልቻልኩም። ከዚያ ወዲያ ጸሎቱ ነበረ፣ ጽዋውም ይዞር ነበር። ማኅበሩ ግን ሞቷል። ማንም አልቀበረውም እንጂ ሞቷል።»

ወረቀቱን አጥፈው ከመቀመጫቸው ሥር አስገቡት። «የማኅበሩን የስም ደብተርም አምጣልኝ» አሉ። «ቢጠይቁህ ሙሴዋ ጋ ነው በል። እኔን ይጠይቁኝ። ደረጀ መቁጠር ከፈለገ ማኅበርተኛ ነው፤ በመባቻ መጥቶ ይቁጠረን።»

«መባቻ እኮ ለተብርሃን ቤት ነው።»

«ተራዋ ነዋ። ሌላ የት ሊሆን ነው?»

የመባቻው ቀን በስምንት ሰዓት ከቤት ወጣሁ። ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ነበር። ወደ ለተብርሃን ቤት የሚያስገባው ቅያስ ጋ ስደርስ አፉ ላይ ፒክ አፕ መኪና ቆሟል፤ ሁለት ሰዎች ተደግፈውት ያወራሉ። ምናልባት እንዲሁ የቆሙ ነበሩ። እግሬ ግን ወደ ቅያሱ ሳይሆን ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ ወሰደኝ። የማልፈልገውን የሞባይል ካርድ ገዛሁ። ጋቢዬ ነጭ በመሆኑ አፈርኩ፤ ከሩቅ የምታይ መሰለኝ።

እትዬ አስካለ ያኔ መጡ። በፌስታል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አቅፈው ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ይሄዳሉ። ሱቁ በር ላይ አዩኝ። አልጠሩኝም። እንደ ወትሮው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝና አለፉ። መኪናው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። እንዲመለሱ ጸለይኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እንዲመለሱ ጸለይኩ። እሳቸው ከተመለሱ እኔ ፈሪ አልባልም ነበር። እጃቸውን ከግድግዳው አነሡና ገቡ።

እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስልኬንም አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ለተብርሃን ናት፣ ብዙ ቆይታ። ለአሥራ አራት ቤተሰብ ደግሳ ነበር። የመጡት እትዬ አስካለ፣ ቄስ መርሻና ጋሽ ወርቁ ብቻ ናቸው። ጸሎት ተደረገ። እትዬ አስካለ እንደ ልማዳቸው የቀሩትን መጥራት ጀመሩ። አሥር ስም ጠሩ። ለአንዱ ጋሽ ወርቁ፣ ለአንዱ ቄስ መርሻ፣ «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ይላሉ። የእኔ ስም ሲደርስ ራሳቸው እትዬ አስካለ፣ «እሱን እኔ አይቼዋለሁ፣ መንገድ ላይ ነው» አሉ። ዳቦው ሲቆረስ በሩ ተንኳኳ።

አራት ሰዎች ገቡ። መታወቂያ ጠየቁ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሳይቀር ከፍተው ፈተሹ።

«ይኼ ምንድነው ስብሰባው?» አለ አንደኛው።

«ማኅበር ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «የልደታ ጽዋ።»

«አራት ሰው ነው ማኅበር የሚባለው?»

«አሥራ አራት ነን። የቀሩት እየመጡ ነው።»

ለተብርሃን ስትነግረኝ፣ ድምፃቸው እንደሚቀደድ ጨርቅ ነበር አለችኝ። ሰውየው ግን ሳይወድ በሩን ዞር ብሎ አየ። እትዬ አስካለ ዳቦ ቆርሰው ዘረጉለት። ተቀበለ፤ ከተቀበለ በኋላ ምን እንደሚያደርገው ጠፋበት፣ በእጁ እንደያዘው ቆመ። ቢሆንም ለተብርሃንን ወሰዷት። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው «ተረኛችን ናት፣ አብሬያት እሄዳለሁ» አሉ። መኪናው ላይ ሊያወጧቸው አልፈለጉም። ከቄስ መርሻና በከዘራ ከሚሄዱት ከጋሽ ወርቁ ጋር በእግራቸው ተከተሉና ፖሊስ ጣቢያው አጥር ሥር ካርቶን አንጥፈው ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ሱቄ በር ላይ ቆሙ።

«ለተን ወሰዷት» አሉኝ። «አስካለ ጣቢያው በር ላይ ናቸው።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ይቀመጣሉ።»

ሌላ ምንም አላሉኝም። ከዘራቸውን እያንኳኩ ሄዱ። ያን ቀንም አልሄድኩም። ቁጭ ብዬ የማላውቃቸውን ሰዎች ማመልከቻ ጻፍኩ። በመንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ ወደ እኔ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ቤቴ ገብቼም ልጆቼን «ድምፃችሁን ቀንሱ» ስል አመሸሁ።

በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ድፍረት መጥቶልኝ አይደለም። ብቻዬን መፍራት ስለደከመኝ ይመስለኛል። እትዬ አስካለ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ጋሽ ወርቁ አጠገባቸው ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሲያዩኝ ካርቶኑ ላይ ሸሸት ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ቁርስ በልተሃል?» አሉኝ።

አልበላሁም አልኩ። ከፌስታላቸው ዳቦ አውጥተው ሰጡኝ። በላሁ፣ አለቀስኩም። እሳቸው ወደ መንገዱ እያዩ እንዳላዩኝ ሆኑ። አንድ ጠባቂ መጥቶ እዚህ መቀመጥ አይቻልም አለን። ተነሥተን ሦስት እርምጃ ሄደን ተቀመጥን። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና መጣ፤ እንደገና ሦስት እርምጃ ሄድን። የእትዬ አስካለ ጉልበት ሲነሡም ሲቀመጡም ይንቋቋ ነበር፤ ጠባቂው በመጣ ቁጥር «በስመ ሥላሴ» ብለው ደረታቸውን ይይዛሉ። ግን ወደ ቤት እንሂድ አላሉም።

ከሰዓት በኋላ ሌላ አንድ ማኅበርተኛ ምግብ ይዞ መጣ። በማግስቱ ሁለት ሴቶች ብርድ ልብስ አመጡ። በሳምንቱ መጨረሻ ዘጠኝ ሆነን ነበር። ከእኛ ሌላም የታሰሩ ቤተሰቦች የነበሯቸው ሰዎች አጥሩን ተከትለው ተቀምጠው ነበር፤ እትዬ አስካለ የእነሱንም ስም እየጠየቁ ማወቅ ጀመሩ። እኔ ሥራዬ መጻፍ ነውና ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ከግርጌው ስሜን አስፍሬ ፈረምኩ። ስፈርም ብዕሩ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። መልስ አልመጣም። ለተብርሃንን ከከተማ ውጭ ወዳለ ቦታ አዛወሯት፤ ለሁለት ወር ያህል የት እንዳለች እንኳ ሳናውቅ ቆየን። መቀመጣችን አላስፈታትም። ይህን የምለው ታሪኩ ከሆነው በላይ እንዳያምር ብዬ ነው።

በመጨረሻ ከስታ፣ ፀጉሯ ከፊት ሸብቶ ተለቀቀች። የተመለሰች ዕለት ለእኔም ደውላልኝ ነበር። ስልኩን አንሥቼ «ማን ልበል?» አልኩ። ዝም ብላ ዘጋችው። በሚቀጥለው መባቻ መጣች፣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ቁጥሬን አጥፍተኸው ነበር አይደል?» አለችኝ በዝግታ።

«አዎ» አልኩ።

«በል ጻፈው።» ቁጥር በቁጥር ነገረችኝ፤ ጻፍኩት።

ደረጀ ወደ ማኅበሩ አልተመለሰም። አንዳንዶቻችን ስሙ ይሰረዝ አልን። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ፤ ሌላውን መሰረዝ እንደሚቀል የማውቀው እኔ። እትዬ አስካለ እሺ አላሉም። በየወሩ «ደረጀን ማን አየው?» ይላሉ። ማንም ያላየው ዕለት ለተብርሃን «እኔ አየዋለሁ» ብላ ነጠላዋን አነሣች። ሁላችንም እሷን ማየት አቅቶን መሬት መሬት አየን። ቤቱ ድረስ ሄደች። ስትመለስ «ደህና ነው፣ ቁረሱ» ብቻ አለች። የእትዬ አስካለ ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ ርቆ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ አየሁት።

እትዬ አስካለን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ከልጃቸው ጋር ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተው ነበር። አልጋ ላይ ነበሩ። ልጃቸው ሻይ ልታፈላ ስትወጣ፣ ዓመታት ይዤው የቆየሁትን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ያን ቀን ሱቁ በር ላይ አይተውኛል።»

«አይቼሃለሁ።»

«መንገድ ላይ ነው አሉ። ወደ ቤቴ መመለሴን አላወቁም ነበር?»

«ቅያሱ ውስጥ ገብቼ ዞር ስል ጀርባህን አይቻለሁ» አሉ።

የምይዘው ጠፍቶኝ የብርድ ልብሳቸውን ጠርዝ ያዝኩ።

«ፈርቼ ነው የዋሸሁት» አሉ። «እነዚያ ሰዎች ሲገቡ ብቻችንን ነን ማለት ፈራሁ። የቀሩት እየመጡ ነው አልኩ፤ አንድም እንደማይመጣ ልቤ ያውቅ ነበር። ጣቢያው በር ላይ እንደተቀመጥን ለአባ ተናዘዝኩ። ለጉልበቴ አዝነው አርባ ስግደት ብቻ ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን አንተ መጣህ። ከዚያ ሌሎቹ መጡ። እኔም አባን ‹የቀሩት መጥተዋልና ውሸት አልሆነም፣ ቀኖናዬን ያንሡልኝ› አልኳቸው።»

«አነሡልዎት?»

«ሳቁና አነሡልኝ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

«አሥራ ሰባቱን ግን ሰግጄ ነበር» አሉ። «እነሱ ለአንተ ይሁኑ።»